ደብተርና ደንገል

አንድ ሦስት መቶ ዓመት ያለፈው የማኅበር ደንብ አለ። ከአንቀጾቹ ጥቂቶቹን በራሴ ቃል ላስቀምጣቸው። ተራው ደርሶ ማኅበሩን የሚጋብዝ ሰው ከሁለት ዓይነት የሥጋ ምግብ በላይ እንዳያቀርብ። ወይን ጠጁም ከሁለት ደርዘን ጠርሙስ እንዳይበልጥ። ማዕድ ከተነሣ በኋላ የማኅበሩን ሥራ አንስቶ የሚያወራ አባል እንዲቀጣ፤ ቅጣቱም እስከ አፉ የተሞላ ብርጭቆ እንዲሆን።

ይህን ለሰበታ ወይም ለቡራዩ ሰው ብታነቡለት መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ «የየትኛው ሰፈር እድር ነው?» ብሎ ነው። አይፈረድበትም። ተራ አለው፣ ድግስ እንዳይበዛ ገደብ አለው፣ ቅጣት አለው። የጎደለው ጥሩምባ ነፊ ብቻ ነው።

ግን እድር አይደለም። በ1720 አየርላንድ ውስጥ ኮርክ በምትባል የወደብ ከተማ የተቋቋመ የጀልባ ክለብ ነው (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ያኔ «የኮርክ የውኃ ክለብ» ይባል ነበር። ዛሬ ስሙ ሮያል ኮርክ ያት ክለብ ነው፤ አባል ይመዘግባል፣ መዋጮ ይሰበስባል፣ ልጆች ያሠለጥናል። በ2020 ሦስት መቶኛ ዓመቱን ሊያከብር ዓለምን ጠርቶ ነበር። ኮሮና መጣና ድግሱ ቀረ። የድግስ ገደብ ያወጡት ሰዎች ይህን ቢያዩ ምን ይሉ ነበር?

እሺ፤ ባሕር የሌለው አገር ሰው፣ ያውም አዲስ አበባን ከከበቡት ከተሞች በአንዱ የሚኖር ሰው፣ ስለ ጀልባ ክለብ ምን አገባው? ልክ ጥያቄ ነው። እኔን ያገባኝ በአንድ ነገር ነው። ጀልባ ይበሰብሳል፣ አባል ይሞታል፣ ቤት ይፈርሳል። ታዲያ ሦስት መቶ ዓመት የቆየው ምንድን ነው? ይህን ጥያቄ ይዘን ወደ አገራችን ስንመለስ ከኮርክም፣ ከየትኛውም ክለብ የሚበልጥ ዕድሜ ያለው የጀልባ ዕውቀት ጣና ላይ እናገኛለን። የዚያ ዕውቀት ባለቤቶች ግን «ሮያል» ሊባሉ ቀርቶ በስማቸው ለመጠራት እንኳ ብዙ ዘመን ፈጅቶባቸዋል።

መጀመሪያ ከቃሉ እንነሣ። «ያት» ከደች ቋንቋ የመጣ ቃል ነው፤ ሥሩ አደን ማለት ነው። የሚያሳድድ፣ ፈጣን፣ ትንሽ የሸራ መርከብ ለማለት ነው። በ1660 የእንግሊዙ ንጉሥ ዳግማዊ ቻርልስ ከስደት ተመልሶ ዙፋን ሲይዝ የአምስተርዳም ከተማ «ሜሪ» የተባለች ያት ሰጠችው። ንጉሡ ወደዳት። በዓመቱ፣ በ1661፣ ከወንድሙ ከዮርኩ መስፍን ጋር በቴምዝ ወንዝ ላይ ከግሪኒች እስከ ግሬቭዜንድ ደርሶ መልስ ተወዳደሩ። ውርርዱ 100 ፓውንድ ነበር። ሲወርዱ ንጉሡ ተቀደመ፤ ሲመለሱ ቀደመ። ጀልባ የሥራ ዕቃ መሆኗ ቀርቶ የባለጸጋ መጫወቻ የሆነችበት ታሪክ ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚነሣው ይህ ውድድር ነው።

ግን ሁለት ወንድማማቾች ስለተወዳደሩ ክለብ አይፈጠርም። ሩሲያ ውስጥ ደግሞ ታላቁ ጴጥሮስ በ1718 ለፒተርስበርግ ሰዎች ጀልባ አድሎ፣ በታዘዙበት ቀን ወጥተው በኔቫ ወንዝ ላይ እንዲቀዝፉ በአዋጅ ደነገገ። ዛሬ ኔቫ ያት ክለብ ይህን ቆጥሮ «ከኮርክ እኔ እቀድማለሁ» ይላል። ክርክሩ አላለቀም። እኔን ብትጠይቁኝ ግን በአዋጅ የሚሰበሰብ ሕዝብ ክለብ አይባልም። ክለብ ማለት ሰዎች ማንም ሳያስገድዳቸው ተቀምጠው «እንዲህ እናድርግ» ብለው ራሳቸውን የሚያስሩበት ነገር ነው። እድርም የሚመሠረተው እንደዚያ ነው።

ኮርኮች ያደረጉት ይህንኑ ነበር። በኮርክ ወደብ ውስጥ ሆልቦውላይን በምትባል ደሴት ላይ ተሰበሰቡ። መሪያቸውን «አድሚራል» አሉት፤ የመጀመሪያው ሎርድ ኢንቺክዊን ነበር። የአባላትን ቁጥር በ25 ወሰኑ። ከሚያዝያ እስከ መስከረም በየሁለት ሳምንቱ ይወጡ ነበር። ሲወጡ አይሽቀዳደሙም፤ እንደ ጦር መርከብ ተሰልፈው፣ በባንዲራና በመድፍ ምልክት እየተነጋገሩ ነው የሚሄዱት። ማንም ሰው ከአድሚራሉ ቀድሞ እንዳይሄድ፣ ያለ ፈቃዱም ከሰልፉ እንዳይለይ በደንቡ ተጽፏል። በ1738 ፒተር ሞናሚ የተባለ ሠዓሊ ሰልፋቸውን በቀለም ሥሎታል።

ከዚያ ክለቡ ቆመ። ከ1765 እስከ 1806 ድረስ እንቅስቃሴ አልነበረውም ማለት ይቻላል። አርባ ዓመት ቀላል አይደለም፤ አንድ ትውልድ ተወልዶ ልጅ የሚወልድበት ጊዜ ነው። በእኛ ሰፈር አርባ ዓመት የተበተነ ማኅበር እንደገና ቢሰበሰብ ተአምር ይባላል። በ1806 ግን ከቀድሞ አባላት ዘሮች መካከል ያሉ ሰዎች ተሰብስበው «ክለቡ ይቀጥል» አሉ። «አዲስ እንመሥርት» አላሉም። ያ የድሮ ደንብ በወረቀት ላይ ስለነበረ የሚቀጥሉት ነገር ነበራቸው። በ1831 የንግሥና ማዕረግ ተሰጣቸው። ከደሴቷ ወጥተው ኮብ ወደሚባለው ከተማ ገቡ። በ1966 ደግሞ ከሌላ ክለብ ጋር ተዋህደው ክሮስሄቨን ሄዱ። ጀልባው ተቀየረ፣ ሰዉ ተቀየረ፣ መሬቱ ተቀየረ። ያልተቀየረው ደብተሩ ነው።

እኔ ሶፍትዌር ሠሪ ነኝ፤ ይህን ነገር ከሥራዬ አውቀዋለሁ። አንድ ሲስተም ለዓመታት ይሠራል። የሠራው ልጅ ሥራ ይለቃል። ምን ምን እንደሚያደርግ የተጻፈ ነገር ካለ አዲስ ሰው መጥቶ ይቀጥለዋል። ካልተጻፈ ሁሉም «አትንኩት፣ ይሠራል» እያለ ይኖርና አንድ ቀን ሲቆም ማንም አያስነሣውም። ኮዱ እያለ ዕውቀቱ ጠፍቷል ማለት ነው።

ግን ደብተር ሁለት ፊት አለው። አንዱ ፊት ያስታውሳል። ሌላው ፊት ደግሞ በር ነው፤ ማን እንደሚገባና ማን ውጭ እንደሚቀር የሚወስነው ያው ደብተር ነው።

ይህን ለማየት ከኮርክ ወደ እንግሊዝ እንሻገር። በ1815 ለንደን ውስጥ በአንድ መጠጥ ቤት 42 ባላባቶች ተሰብስበው «ዘ ያት ክለብ» የሚባል ማኅበር አቋቋሙ። ስሙ ራሱ ይናገራል፤ ሌላ ክለብ ያለ አይመስላቸውም። በኋላ ንጉሥ ዊልያም 4ኛ «ሮያል ያት ስኳድሮን» አለው። መቀመጫው ዋይት ደሴት ላይ ካውስ የሚባለው ከተማ ነው። አባል ለመሆን በቂ ትልቀት ያለው ጀልባ ያስፈልግ ነበር፤ ግን ጀልባ መኖሩ ብቻ አያስገባም ነበር። አባላቱ በምሥጢር ድምፅ ይሰጡ ነበር።

ሊፕተን ሻይን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ ያለ አይመስለኝም። ያ ስም የሰው ስም ነው። ቶማስ ሊፕተን ግላስጎው ውስጥ ከድኻ ቤተሰብ ተወልዶ በባለሱቅነት የከበረ ሰው ነበር። የጀልባ ውድድር ፍቅር ያዘው። ዓላማው የአሜሪካ ዋንጫን ማስመለስ ነበር። ይህ ዋንጫ በ1851 ካውስ ላይ «አሜሪካ» የተባለች ጀልባ አሸንፋ ወደ ኒው ዮርክ ያት ክለብ የወሰደችው ነው፤ አሜሪካኖቹ እስከ 1983 ድረስ 132 ዓመት ሙሉ አልለቀቁትም። ሊፕተን በ1899፣ በ1901፣ በ1903፣ በ1920 እና በ1930 አምስት ጊዜ «ሻምሮክ» በሚባሉ ጀልባዎች ሞከረ። አምስቱንም ተሸነፈ። ሰው ግን ወደደው።

ስኳድሮኑ ግን በሩን አልከፈተለትም። የንጉሥ ወዳጅ ነው፣ ጀልባው ከብዙዎቹ አባላት ጀልባ ይበልጣል፣ ግን ባለሱቅ ነው። ውድድሮቹን ሁሉ ያደረገው በሌላ ክለብ፣ በአየርላንዱ ሮያል አልስተር ስም ነው። በመጨረሻ በ1931 ተቀበሉት። በዚያው ዓመት ሞተ።

ሊፕተን ግን ቢያንስ ስሙ በሻይ ካርቶን ላይ ቀርቷል። ጀልባዎቹን በትክክል ሲነዱ የነበሩት ከኤሴክስ መንደሮች በደመወዝ የሚቀጠሩ ዓሣ አጥማጆች ነበሩ። ክረምት ዓሣ ያጠምዳሉ፣ በጋ የባለጸጎችን ያት ይነዳሉ። ነፋሱን የሚያውቁት፣ ገመዱን የሚስቡት እነሱ ናቸው። ክለቡ ውስጥ የሚቀመጡት ሌሎች ናቸው። ጀልባን የሚያውቀውና የጀልባ ክለብ አባል የሚሆነው አንድ ሰው እንዳልሆነ እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ ቆይተን እንመለስበታለን።

አሁን ወደ ቤት እንምጣ። በአዲስ አበባ ዙሪያ ያለነው ሰዎች ውኃ የለንም ማለት አንችልም። ዛሬ በሸገር ከተማ ሥር የተጠቃለሉት ሱሉልታ፣ ቡራዩና ሰበታ የተቀመጡት በሁለት ተፋሰሶች ድንበር ላይ ነው። ከእንጦጦ ጀርባ ሱሉልታ ሜዳ ላይ የዘነበው ውኃ በሙገር በኩል ዓባይ ይገባና፣ ከተረፈ፣ ሜድትራንያን ይደርሳል። በዚህ በኩል ቡራዩና ሰበታ ላይ የዘነበው ደግሞ በአቃቂና በሌሎች ወንዞች አዋሽ ይገባል። አዋሽ ባሕር አያውቅም፤ አፋር በረሃ ውስጥ አቤ ሐይቅ ላይ ያልቃል። አንድ ደመና፣ ሁለት ዕጣ።

ቡራዩ ላይ የገፈርሳ ግድብ አለ። የአዲስ አበባን የመጠጥ ውኃ ከሚያቀርቡት ግድቦች አንጋፋው እሱ ነው። ወደ አምቦ የሚሄድ ሁሉ ከመንገዱ ዳር ያየዋል። ወፍ የሚያዩ ፈረንጆች በመነጽር ያዩታል። እኛ የምናየው «ዘንድሮ ሞልቷል ወይስ ጎድሏል?» ለማለት ነው። በሰፈሮቻችን ውኃ ማለት ቧንቧ፣ ጄሪካንና ወረፋ ነው። ጀልባ የሚባለውን ነገር የምናውቀው ቢሾፍቱ ለሽርሽር ስንሄድ፣ ወይም በቴሌቪዥን ነው።

እንደ አገር ደግሞ ጀልባን በመዝገብ ያወቅነው በመንግሥት በኩል ነው። በ1955 የንጉሠ ነገሥቱ ባሕር ኃይል ተቋቋመ። ዋና ጦር ሰፈሩ ምጽዋ፣ ኮሌጁ አሥመራ ነበር። በ1962 ከአሜሪካ «ኦርካ» የምትባል የሁለተኛው የዓለም ጦርነት መርከብ መጣችና «ኢትዮጵያ» ተብላ ባንዲራ ያዥ ሆነች። በየዓመቱ ምጽዋ ላይ የባሕር ኃይል ቀን ሲከበር የውጭ አገር የጦር መርከቦች ይጋበዙ ነበር። ሰልፉ፣ ባንዲራው፣ መድፉ ሁሉ ነበር፤ ኮርኮች በጨዋታ ያደረጉትን እኛ በቁም ነገር አደረግነው።

በ1990 ምጽዋ ከመንግሥት እጅ ወጣች። በ1991 የቀሩት መርከቦች ወደ የመን ሸሹ። «ኢትዮጵያ» በ1993 ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። ጥቂት የቀሩት በ1996 ጅቡቲ ላይ ለጨረታ ቀረቡ። ዛሬ መንግሥት ባሕር ኃይሉን እንደገና እያቋቋመ ነው፤ ያ ሌላ ርዕስ ነው። ለኛ ጉዳይ የሚበቃን ይህ ነው፤ በአዋጅ የተፈጠረ ነገር ሁሉ ደብተሩ ቢኖረውም ዕድሜው በመንግሥት ዕድሜና በድንበር ይወሰናል። ውኃው ሲሄድ አብሮ ይሄዳል።

ውኃው ያልሄደበት ቦታ ግን አለን። ጣና።

ጣና ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠ ሐይቅ ነው። ደሴቶች አሉት፤ ደሴቶቹ ላይ ገዳማት አሉ፤ ዳጋ እስጢፋኖስ፣ ክብራን ገብርኤል፣ ጣና ቂርቆስ። ነገሥታት ሬሳቸው ያረፈው፣ መጻሕፍት ከጦርነት የተሸሸጉት እዚያ ነው። እዚያ ለመድረስ ደግሞ ለብዙ መቶ ዓመታት የነበረው መጓጓዣ አንድ ብቻ ነበር፤ ታንኳ።

ታንኳ የሚሠራው ከደንገል ነው። ደንገል የጥንት ግብጾች ወረቀት ይሠሩበት የነበረው ፓፒረስ ነው። በሐይቁ ዳር ይበቅላል። ይታጨዳል፣ ፀሐይ ላይ ይደርቃል፣ በነዶ በነዶ ተደርጎ በልጥ ጠበቅ ተደርጎ ይታሰራል። አፉና ጭራው ወደ ላይ ቀና ይላል። ሰውና ዕቃ ከውኃ ከፍ እንዲል ከላይ ሌላ የደንገል ንጣፍ ይደረጋል። ምስማር የለው፣ ብረት የለው። አንድ ሰው ረጅም ዘንግ ይዞ ይነዳዋል። እንጨት፣ እህል፣ የዘጌ ቡና፣ መነኩሴ፣ ሁሉ በሱ ተጉዟል።

ችግሩ ደንገል ውኃ ይጠጣል። በተሠራበት ቁጥር ወደ ዳር ወጥቶ ካልደረቀ ይከብዳል፣ ይበሰብሳል። አንድ ታንኳ ቢቆይ ቢቆይ ወራት ነው። ስለዚህ ጣና ላይ አሮጌ ታንኳ የሚባል ነገር የለም። ሙዚየም ውስጥ የሚቀመጥ የአምስት መቶ ዓመት ታንኳ አታገኙም። ዛሬ የምታዩት ታንኳ ሁሉ አዲስ ነው። አሮጌው ነገር አሠራሩ ነው፤ ከአባት ወደ ልጅ፣ ከእጅ ወደ እጅ የሄደው። ይህ ደግሞ ከኮርክ ታሪክ ጋር አንድ ነው፤ እዚያም ጀልባው አልቆየም፣ የቆየው ሥርዓቱ ነው። ልዩነቱ እነሱ በደብተር፣ ጣናዎች በእጅ መያዛቸው ነው።

ይህን እጅ የያዙት በተለይ ነገደ ወይጦ የሚባሉት የጣና ዳር ሰዎች ናቸው። ሌሎችም ታንኳ ይሠራሉ፤ ግን ሐይቁ ላይ ኑሮአቸውን ሙሉ በሙሉ የመሠረቱት እነሱ ነበሩ። ጉማሬ ያድኑ ነበር፣ ዓሣ ያጠምዱ ነበር፣ ከደንገል ታንኳና ቅርጫት ይሠሩ ነበር። ጉማሬ ስለሚበሉ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ሸሻቸው። ራሳቸው እስልምናን የተቀበሉ ሲሆኑ፣ ሌላው ሙስሊም እንኳ ለረጅም ዘመን አብሯቸው አልበላም፤ ጋብቻም አልነበረም። አስቂኙ ነገር የባላባቱ የጉማሬ አለንጋ፣ የጉማሬ ቆዳ ጋሻ የሚመጣው ከዚያው አደን ነበር። አለንጋውን ወስደው ባለአለንጋውን ናቁት።

ስለነሱ የተጻፈውን ስትፈልጉ የምታገኙት የመንገደኛ ጽሑፍ ነው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1770 ገደማ እዚያ ደርሶ ነበር። ወይጦዎች በአበሻ ምድር ካሉት ቋንቋዎች ሁሉ ፈጽሞ የተለየ ቋንቋ እንደሚናገሩ ጻፈ። ቋንቋውን ለማወቅ ፈልጎ ንጉሡን ለመነ፤ ሁለት ወይጦዎች ተጠርተው ቀረቡለት። ጠየቃቸው፤ አልመለሱም። እንሰቅላችኋለን ቢባሉም አልመለሱም። ብሩስ ምንም ሳያገኝ ተመለሰ። እስኪ አስቡት፤ ከቤታችሁ ተይዛችሁ ቤተ መንግሥት ቆማችሁ፣ ገመድ እያሳዩአችሁ አንድ ባዕድ «በእናንተ ቋንቋ ውኃ ምን ይባላል?» ቢላችሁ ትመልሱ ነበር?

ከዚያ 1907 ደረሰ። ጀርመናዊው የቋንቋ ሊቅ ኦይገን ሚትቮክ ስለ ወይጦዎች ሲጽፍ ሁሉም አማርኛ ይናገራሉ አለ። በ1928 የመጣው ፈረንሳዊው ማርሴል ግሪዮልም ይህንኑ አረጋገጠ። ግን አንድ ነገር ጨመረ። አንድ ወይጦ በሞተው ቋንቋቸው ዘፈን ዘፍኖለታል፤ ዘፋኙ ራሱ የዘፈነውን አያውቀውም። ከዘፈኑ ውስጥ ትርጉማቸው የታወቁት ጥቂት ቃላት ብቻ ነበሩ፤ እነሱም የጉማሬ የአካል ክፍሎች ስሞች ናቸው። ሥጋ ሲከፋፈሉ ይጠሯቸው ስለነበር ቀርተዋል ብዬ አስባለሁ።

እኔ በዚህች ታሪክ ላይ ብዙ ቆይቻለሁ። አንድ ሙሉ ቋንቋ ሄዶ የቀረው ሥራ ላይ የነበረው ቃል ነው። ማንም በደብተር ያልያዘው ነገር የሚተርፈው እጅ እስከሠራበት ድረስ ብቻ ነው። ጉማሬ ማደኑ ሲቀር እነዚያም ቃላት ምክንያት አጡ።

ታንኳውም እንዲሁ በሌላ ሰው እጅ ነው ወደ ዓለም የወጣው። ከ1925 ጀምሮ ዳንግላ ላይ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ሜጀር ቺዝማን የጣናን ዳርና ደሴቶች ዞሮ አጠና፤ ስለ ጣናና ስለ ዓባይ የጻፈው መጽሐፍ በ1936 ታተመ። ከዚያ ደግሞ ቶር ሄየርዳል መጣ። ይህ ኖርዌያዊ የጥንት ሰዎች በደንገል ጀልባ አትላንቲክን መሻገር ይችሉ ነበር ብሎ ያምናል። ማረጋገጥ ፈለገ። ደንገሉ ከየት ይምጣ? በጥንት ዘመን ደንገል የሞላባት ግብጽ አልቆባት ነበር። ከጣና ተቆርጦ ግብጽ ድረስ ተጫነለት። ጊዛ ፒራሚዶች አጠገብ የቻድ ሐይቅ ሰዎች ሠሩለትና ስሟን «ራ» አላት፤ የግብጾች የፀሐይ አምላክ ስም ነው። በ1969 ከሞሮኮ ተነሣች፤ ሁለት ወር ያህል ተጉዛ ከመድረሷ በፊት ፈረሰች። በ1970 ሁለተኛዋን ሠራ። ደንገሉ አሁንም የኢትዮጵያ ነው፤ የሠሯት ግን ከቦሊቪያ ቲቲካካ ሐይቅ የመጡ የአይማራ ሰዎች ናቸው። «ራ 2» ከሳፊ ተነሥታ በ57 ቀን ባርቤዶስ ገባች፤ ወደ 6,100 ኪሎ ሜትር ነው።

ስለዚህ የጣና ደንገል አትላንቲክን ተሻግሯል። ጀልባዋ ዛሬ ኦስሎ በሚገኘው የኮን-ቲኪ ሙዚየም ናት። ይህን ስናገር ጓደኞቼ ደስ ይላቸዋል፤ «አየህ፣ የኛ ነው!» ይላሉ። አዎ፣ የኛ ነው። ግን «እኛ» ስንል ማንን ነው? ደንገሉን ለሺህ ዓመት ያሰረውን ሰው ሰፈራችን ቢመጣ ቡና እንጠራው ነበር ወይ? ካውስ ላይ ሊፕተንን ውጭ ያስቀመጡትን ባላባቶች መሳቅ ቀላል ነው። የኤሴክስ ዓሣ አጥማጆች ክለብ ቤቱ ውስጥ ባይቀመጡም በመንደራቸው የተከበሩ ሰዎች ነበሩ። የጣናው ታንኳ ሠሪ ግን በገዛ መንደሩም ነው የተናቀው። ያው ሙያ አንድ ቦታ «ሮያል» ያስብላል፣ ሌላ ቦታ ከማዕድ ያስነሣል።

ሌላ የሚገርመኝ ነገር አለ። የአገሪቱ የዓሣና ሌሎች የውኃ ሕይወት ምርምር ማዕከል የሚገኘው ሰበታ ነው። ከባሕር ዳር በመቶዎች ኪሎ ሜትር ርቀን የምንኖር ሰዎች ጎረቤታችን የሐይቅ ተመራማሪ ነው። ጣና ውስጥ ሌላ ቦታ የማይገኙ፣ ከአሥር በላይ የሆኑ የባርበስ ዓሣ ዝርያዎች አሉ። እያንዳንዳቸው የላቲን ስም ተሰጥቷቸዋል፣ ምን እንደሚበሉና የት እንደሚራቡ ተጽፏል። ደግ ሥራ ነው፤ ይቀጥል። ግን ዓሣው ደብተር ሲኖረው፣ ዓሣውን በታንኳ የሚያወጣው ሰው ሙያ እስከ አሁን በእጁ ላይ ብቻ መሆኑ ደስ አይልም።

ጊዜውም እያጠረ ነው። በ2011 እንቦጭ ጣና ላይ ታየ፤ ከዚያ ወዲህ ያለውን ሁላችንም በዜና ተከታትለናል። ደንገሉ ደግሞ በእርሻና በግጦሽ መስፋፋት፣ በመታጨድም ብዛት እየሳሳ ነው። የሞተርና የብረት ጀልባ መጥቷል፤ መምጣቱም ክፉ አይደለም፤ ማንም ሰው ለእኛ ፎቶ ሲል እየሰመጠ መኖር የለበትም። ጣና በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ተብሎ ተመዝግቧል። ሐይቁ መዝገብ አገኘ ማለት ነው። ታንኳው ግን ደንገልና እጅ ይፈልጋል፤ ከሁለቱ አንዱ ከጎደለ በወራት ውስጥ የሚበሰብስ ነገር ነው፣ የሚተካው አይኖርም።

ታዲያ ምን ይደረግ? ጣና ላይ ነጭ ወንበር ደርድሮ «ያት ክለብ» የሚል ታፔላ መስቀል ይቻላል። አንድ ቀን አንድ ባለሀብት ያደርገዋል ብዬ እጠረጥራለሁ። ወይጦዎቹን ዘበኛና ቀዛፊ አድርጎ ይቀጥራቸዋል፤ የካውስ ታሪክ በአማርኛ ይደገማል። እኔ የምለው እሱን አይደለም።

እኛ ክለብ ከፈረንጅ መማር የለብንም፤ እድር አለን። እድር የሚያዋቅረውን እናውቃለን። ሰዎቹ ራሳቸው ይሰበሰባሉ። ሊቀ መንበር፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥ ይመርጣሉ። መተዳደሪያ ደንብ ያወጣሉ። ማን ይግባ፣ ምን ይዋጣ፣ ማን ይቀጣ የሚለውን የሚወስኑት እነሱ ናቸው። ደብተሩ እነሱ ቤት ይቀመጣል። የታንኳ ሠሪዎች እድር ቢኖር ደንገሉ መቼ እንደሚታጨድ፣ የትኛው ዳር ለስንት ዓመት ሳይነካ እንደሚቆይ፣ ልጥ ከየትኛው ዛፍ እንደሚላጥ፣ ለወጣት ማን እንደሚያስተምርና ስንት እንደሚከፈለው ይጻፍ ነበር። እንደኔ ያለ የኮምፒውተር ሰው ቢጠሩት ፎቶውን፣ ድምፁን፣ ቪዲዮውን ማስቀመጫ ይሠራል፤ ሥራው ከባድ አይደለም። ከባዱ ነገር ቁልፉን ለማን እንደሚሰጥ ነው። ብሩስም ቺዝማንም ሄየርዳልም ደብተር ነበራቸው። ሦስቱም ደብተራቸውን ይዘው ሄዱ።

ኮርክ ክለብ በ1806 ከአርባ ዓመት እንቅልፍ ሲነቃ የተነሣው ሰዎቹ የአያቶቻቸውን ወረቀት ስላገኙ ነው። ወረቀቱ ላይ ደግሞ እንዳየነው ትልቅ ጥበብ አልነበረም፤ ሁለት ዓይነት ምግብ፣ ሁለት ደርዘን ጠርሙስ፣ የ25 ሰው ገደብ። ጣና ዳር የሚጻፈውም የመጀመሪያ ገጽ ትልቅ ነገር መሆን የለበትም። የአባላት ስም ዝርዝር ቢሆን ይበቃል፤ ሙሉ ስም፣ ከነአባትና ከነአያት፣ ራሳቸው እንደሚጠሩት ተደርጎ የተጻፈ።